የሕንፃ ብረት መግነጢሳዊ መስክ የሚፈጥረው መቼ ነው?

ኮምቦልቻ ውስጥ በብረት ምሰሶና በቆርቆሮ ከተሠሩት ሰፋፊ ሼዶች ወደ አንዱ ገብቶ የስልኩን ኮምፓስ የከፈተ ሰው ግራ የሚያጋባ ነገር ያያል። ደጅ ላይ ሰሜንን በትክክል ሲያሳይ የነበረው ቀስት ወደ ምሰሶው ሲጠጉ ዞር ይላል፤ ስልኩን ምሰሶውን አስታክከው ከወለሉ ወደ ላይ ሲያነሡት ደግሞ እንደገና ሌላ አቅጣጫ ይይዛል። እኔ ይህን በሞከርኩበት ሼድ፣ ከውጭ 36 ማይክሮ ቴስላ አካባቢ ይነበብ የነበረው የመግነጢሳዊ መስክ መጠን ከምሰሶው ሥር ከ70 አለፈ። አብሮኝ የነበረው ወጣት በያጅ ቁጥሩን አይቶ «ታዲያ ብረቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ደሴ ላይ ፎቅ የሚያሠሩ ሰዎችም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ጥያቄ ያነሣሉ። የሕንፃው ብረት በራሱ ኤሌክትሮማግኔቲክ መስክ ያመነጫል ወይ፣ ኤሌክትሪክ ቢለቀቅበት ሕንፃው በሙሉ እንደ አንድ ትልቅ ማግኔት ይሆናል ወይ፣ ውስጡ የሚኖረውን ሰውስ ይጎዳል ወይ ይላሉ። ጥያቄዎቹ የተለያዩ ቢመስሉም መልሳቸው በአንድ ነገር ላይ ያርፋል፤ እሱም የኤሌክትሪክ ጅረት በየት ሄዶ በየት ይመለሳል የሚለው ነው።

በመጀመሪያ የበያጁን ጥያቄ ልመልስ። ምሰሶው ውስጥ ኤሌክትሪክ አልነበረም። መሬት ራሷ እንደ ቦታው ከ25 እስከ 65 ማይክሮ ቴስላ የሚደርስ መግነጢሳዊ መስክ አላት። ብረት ደግሞ ለዚህ መስክ ከአየር ይልቅ በመቶዎች እጥፍ የቀለለ መተላለፊያ ስለሆነ በዙሪያው ያለውን መስክ ወደ ራሱ ይስባል፣ ያጣምማል። ከዚህም በላይ ብረት ያለፈበትን ይይዛል። ፋብሪካ ውስጥ ተንከባሎ ሲቀዘቅዝ፣ በማግኔት ክሬን ሲነሣ፣ ሲበየድ፣ ለወራት በአንድ አቅጣጫ ተጋድሞ ሲከማች በጥቂቱ ማግኔት ይሆናል፤ ተተክሎም ያንኑ ይዞ ይቆያል። እዚህ ላይ የአገራችን አቀማመጥ የሚያመጣው ልዩነት አለ። ኢትዮጵያ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ በእኛ ሰማይ ሥር የመሬት መስክ ለጥ ብሎ ወደ ሰሜን የተዘረጋ ነው እንጂ እንደ አውሮፓ ወደ መሬት ጠልቆ የሚገባ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሰሞን አዲስ አበባ ላይ የመስክ መለኪያ ጣቢያ እንዲቋቋም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ቅርበት ነው። ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ምሰሶ በመሬት መስክ ብቻ ቁመቱን ይዞ ማግኔት ሲሆን፣ እኛ ዘንድ ይህ ዕጣ ይበልጥ የሚደርሰው ከደቡብ ወደ ሰሜን የተዘረጋው አግዳሚ ቢም ነው።

ይህ ዓይነቱ መስክ የማይለዋወጥ ነው። ኃይል አይወስድም፣ በሽቦ ላይ ቮልቴጅ አያመነጭም፣ ትናንት የነበረበት ቦታ ዛሬም አለ። እንዲያውም የእያንዳንዱ ሕንፃ ብረት መስኩን የሚያጣምምበት መልክ እንደ ጣት አሻራ የየራሱ በመሆኑ፣ በፊንላንድ የኦሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስልክ የያዘ ሰው በሕንፃ ውስጥ የት ጋ እንደቆመ ከዚሁ ጥምዝ ለማወቅ የሚያስችል ዘዴ አውጥተዋል።

የኤሌክትሪክ ጅረት የሚፈጥረው መስክ ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1820 ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ሽቦ አጠገብ የኮምፓስ ቀስት እንደሚዞር አየ። ይህን ተከትሎ የታወቀው ሕግ ለማንም የሚከብድ አይደለም። ረዘም ባለ አንድ ቀጥ ያለ ሽቦ ዙሪያ ያለውን መስክ ለማወቅ በሽቦው የሚያልፈውን አምፔር በሜትር ለተለካው ርቀት አካፍሎ በ0.2 ማባዛት ነው፤ መልሱ በማይክሮ ቴስላ ይመጣል። መቶ አምፔር በአንድ ሜትር ርቀት ላይ 20 ማይክሮ ቴስላ፣ በአሥር ሜትር ላይ ደግሞ 2 ማይክሮ ቴስላ ይፈጥራል።

ነገር ግን ኤሌክትሪክ ሄዶ የሚቀር ነገር አይደለም፤ መመለስ አለበት። የእንጀራ ምጣድን እንውሰድ። 3,500 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ቮልት ላይ 16 አምፔር ያህል ይስባል። ገመዱ ውስጥ ያለው አንዱ ሽቦ ብቻውን ቢሆን ኖሮ በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ከ3 ማይክሮ ቴስላ በላይ በፈጠረ ነበር። ሆኖም በዚያው ገመድ ውስጥ፣ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ርቆ፣ ያው 16 አምፔር በተቃራኒው አቅጣጫ ይመለሳል። የሁለቱ መስክ እርስ በርሱ ስለሚጣፋ ከገመዱ ትንሽ ፈቀቅ ሲሉ የሚቀረው ኢምንት ነው። አሁን መሄጃውን ሽቦ በአንደኛው ግድግዳ፣ መመለሻውን ደግሞ በፊት ለፊቱ ግድግዳ ብናስኬደው ምጣዱ ያው፣ ጅረቱም ያው ሆኖ ሳለ ክፍሉ በሙሉ በመስክ ይሞላል። ክፍሉ የአንድ ትልቅ ቀለበት ውስጠኛ ክፍል ሆኗልና። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ከዚህ ምሳሌ አይወጣም። የመስኩን መጠን የሚወስነው የጅረቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን መሄጃውና መመለሻው ምን ያህል ተራርቀዋል የሚለውም ነው።

አንድ ሰው የሕንፃን ብረት ሆን ብሎ መስክ ማመንጫ ለማድረግ ቢነሣ ምን ያገኛል? አራት ማዕዘን የሆነ፣ እያንዳንዱ ጎኑ 20 ሜትር የሆነ ፎቅ እናስብና ዙሪያውን በሚይዘው የብረት ቢም ላይ አንድ ሺህ አምፔር እንልቀቅ። አንድ ሺህ አምፔር ማለት ከ60 በላይ ምጣዶች በአንድ ጊዜ የሚስቡት ነው። ይህ ሁሉ ጅረት አንድም ሳይባክን ቀለበቱን ቢዞር መሐል ወለሉ ላይ የሚገኘው መስክ 57 ማይክሮ ቴስላ ገደማ ነው፤ እኛ ዘንድ ካለው የመሬት የተፈጥሮ መስክ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ብቻ ማለት ነው። የፍሪጅ በር ላይ የምንለጥፋት ትንሽ ማግኔት በገጽዋ ላይ ብዙ ሺህ ማይክሮ ቴስላ አላት። በሆስፒታል የሚገኘው የኤምአርአይ ማሽን በተለመደው ዓይነቱ 1.5 ቴስላ፣ ማለትም አንድ ሚሊዮን አምስት መቶ ሺህ ማይክሮ ቴስላ ይደርሳል። ማሽኑ ይህን የሚችለው ሽቦው ሺህ ጊዜ የተጠመጠመ ስለሆነና ሰው የሚገባበት ቀዳዳ ከ60 እስከ 70 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ ነው። ቀለበቱ በሰፋ ቁጥር ለተመሳሳይ ጅረት መሐሉ ላይ ያለው መስክ ይደክማል። የሕንፃ ስፋት ለዚህ ሥራ ጠላት ነው።

ይህም ቢሆን ከእውነታው የራቀ ግምት ነው፣ ምክንያቱም የሕንፃ ብረት አንድ ነጠላ ቀለበት አይደለም። ምሰሶና ቢም በየመገናኛው በብሎን ወይም በብየዳ ተያይዞ፣ በአርማታ ሕንፃም ፌሮው በየኮለኑና በየሶሌታው ተሳስሮ፣ ለጅረት በመቶ የሚቆጠር መንገድ ይከፍታል። በቢሙ አንድ ማዕዘን አስገብተን በተቃራኒው ማዕዘን ብናወጣው ጅረቱ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በቀኝ፣ ግማሹ በግራ ይሄዳል፤ የሁለቱ መስክ ወለሉ መሐል ላይ ተቃራኒ ስለሚሆን ውጤቱ ባዶ ይሆናል። የቀረው ጅረት በምሰሶዎቹ ወርዶ ወደ መሠረቱ፣ ከመሠረቱም ወደ መሬት ይሰርጋል። በመንገዳችን መስመር የሚመጣው የ50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ፣ ተለዋዋጭ ጅረት ከሆነ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል፤ በወፍራም ብረት ውስጥ እንዲህ ያለው ጅረት ወደ ውስጥ ዘልቆ አይገባም፣ ከላይኛው ገጽ አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር የምትሆነውን ቆዳ ብቻ ይዞ ይሄዳል። በሰፈራችን ያለው ትራንስፎርመር እምብርቱ ወፍራም ብረት ያልሆነው፣ ይልቁንም የሚሊሜትር ሲሶ የሚሆኑ ቀጫጭን ላሜራዎች በማያስተላልፍ ሽፋን ተለያይተው የተደረደሩበት ለዚሁ ነው። ወፍራም ቢሆን ኖሮ በውስጡ የሚሽከረከረው ጅረት ኃይሉን ወደ ሙቀት ለውጦ ይጨርሰው ነበር። ትራንስፎርመሩ አጠገብ ስናልፍ የምንሰማው ዝምዝምታም እነዚያ ላሜራዎች በሰከንድ መቶ ጊዜ የሚያደርጉት ጥቃቅን መለጠጥና መኮማተር ነው።

ስለዚህ መስክ የሚፈልግ ሰው የመዳብ ሽቦ ይጠመጥማል እንጂ ብረቱን ራሱን ሽቦ አያደርግም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መርከቦች ከማግኔት ፈንጂ ለመዳን የአካላቸውን መግነጢስ ማጥፋት ሲያስፈልጋቸው የተደረገውም ይኸው ነበር። በመርከቡ ዙሪያ የተሸፈነ የመዳብ ገመድ ዘርግተው ጅረቱን በዚያ ለቀቁ እንጂ በመርከቡ ብረት ላይ አልለቀቁም።

ብረት ቋሚው ራሱ መስክ የሚረጭበት አንድ እውነተኛ ምሳሌ ግን አለ፤ እሱም የመካከለኛና የረጅም ሞገድ ራዲዮ ምሰሶ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ጣቢያ አንቴናው ከማማው ላይ የተሰቀለ ነገር አይደለም፤ ማማው በሙሉ አንቴና ነው። ፖላንድ ውስጥ ኮንስታንቲኖቭ ላይ የነበረውና እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1991 የወደቀው የዋርሶ ራዲዮ ምሰሶ 646 ሜትር ቁመት ነበረው፤ ያን ያህል የረዘመውም ለዕይታ ሳይሆን የሚያሠራጨው ሞገድ ግማሽ ርዝመት ወደዚያ ስለሚጠጋ ነው። እንዲህ ያለ ምሰሶ አብዛኛውን ጊዜ መሬት ላይ በቀጥታ አይተከልም፤ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ጠንካራ የሴራሚክ መቀመጫ ላይ ይቆማል። ሕንፃ የሚጎድለው ይህ ነው። የደሴ ፎቆች ብረት እግሩን በመሠረቱ አርማታ ውስጥ፣ መሠረቱም በጦሳ ተራራ ሥር ባለው መሬት ውስጥ ቀብሯል። ከመሬት ያልተለየ፣ መንገዱ የበዛ፣ ቁመቱም ከምንም ሞገድ ጋር ያልተመጠነ ብረት ማሠራጫ ሊሆን አይችልም።

እንግዲህ ሆን ተብሎ የማይሳካው ነገር በስህተት መጠኑ ባነሰ መልኩ ይሳካል፤ ይህን ክፍል ረዘም አድርጌ የማብራራውም ሰው ላይ አደጋ ስለሚያመጣ ነው። ደሴ ውስጥ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ምድር ቤት ሱቅ ያላቸው አንዲት እናት «ልጄ፣ ውኃው ይቆነጥጠኛል፤ እጄን ስታጠብ ቧንቧው ይይዘኛል» ብለው ነገሩኝ። ጎረቤቶቻቸው በእርጅና አሳበውባቸው ነበር። ወደ ዋናው የኤሌክትሪክ ሳጥን ሄጄ ወደ ሕንፃው የሚገቡትን አራቱንም ገመዶች፣ ሦስቱን ፌዝ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጡትን) እና ኒውትራሉን (የሚመልሰውን)፣ ገመድን በመንጋጋው ከብቦ ጅረት በሚለካው ክላምፕ ሜትር ውስጥ አንድ ላይ አስገባኋቸው። የሄደው ሁሉ በእነዚሁ ገመዶች የሚመለስ ከሆነ መለኪያው ዜሮ ማለት ነበረበት። 9 አምፔር አነበበ። ይህ ማለት 9 አምፔር ወደ ሕንፃው ገብቶ በገመዱ አልተመለሰም፤ ሌላ መንገድ አግኝቷል ማለት ነው።

መንገዱን ያገኘነው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ክፍል ለመክፈል ግድግዳ ሲፈርስ የኒውትራሉ ገመድ ተቆርጦ ነበር። ሥራውን የጨረሰው ሰው አዲስ ገመድ ከመሳብ ይልቅ ከኮለኑ ላይ አርማታውን ፈልፍሎ፣ ብቅ ያለውን ፌሮ በብሩሽ አጽድቶ፣ የአምስት ክፍሎችን ኒውትራል እዚያ ላይ በማሰሪያ ሽቦ ጠምጥሞ፣ በልስን ሸፍኖት ሄዷል። መብራቱ በራ፣ ሶኬቱም ሠራ፣ ስለዚህ ማንም አልጠየቀም። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የእነዚያ ክፍሎች ጅረት በፌዝ ሽቦ ይወጣና በኮለኑ፣ በፌሮው፣ በውኃ ቧንቧውና በመሬት በኩል ወደ ትራንስፎርመሩ ይመለስ ነበር። የምጣዱ ምሳሌ በሕንፃ ልክ መጣ ማለት ነው፤ መሄጃው በአንድ በኩል፣ መመለሻው ሜትሮች ርቆ በሌላ በኩል ነው። በኮለኑ አጠገብ አንድ ሜትር ላይ ከ1 ማይክሮ ቴስላ የሚያልፍ፣ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚገለባበጥ መስክ ተፈጥሯል። ድሮ ባለ ቱቦ የኮምፒውተር ስክሪን በነበረበት ጊዜ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ምስሉ ይርገበገብ ነበርና ችግሩ ራሱን ያጋልጥ ነበር፤ የዛሬ ስክሪን ይህን አያሳይም።

ይሁን እንጂ እኒያን እናት የቆነጠጣቸው መስኩ አልነበረም። የቆነጠጣቸው በቧንቧውና በቆሙበት እርጥብ ወለል መካከል የተፈጠረው የቮልቴጅ ልዩነት ነው። ሁለቱ ነገሮች፣ መስኩና ንዝረቱ፣ የአንድ ስህተት ሁለት ፊቶች ናቸው፤ የሚገድለው ግን ሁለተኛው ነው። የዚያ ፌሮ ግንኙነት አንድ ቀን ቢላላ ኖሮ የአምስት ክፍሎች ኒውትራል በአንድ ጊዜ 220 ቮልት ይሸከም ነበር። አዲስ ገመድ ተስቦ ኒውትራሉ ወደ ሳጥኑ ከተመለሰ በኋላ መለኪያው ወደ ዜሮ ወረደ፤ እኔም «እማማ፣ አብሽሩ፣ አሁን ይታጠቡ» ልላቸው ቻልኩ። ደንቡ ግልጽ ነው። ኒውትራል ከመሬት ጋር የሚገናኘው በሕንፃው መግቢያ ላይ በተወሰነለት ቦታ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ኒውትራልና ግራውንድ (ከመሬት ጋር የሚያያዘው የደኅንነት መስመር) የየራሳቸው ሽቦ አላቸው፣ የትም ቦታ ላይ ዳግመኛ መነካካት የለባቸውም። ብረቱ ከግራውንድ ጋር ይያያዛል፣ መያያዝም አለበት፤ ከኒውትራል ጋር ግን የጅረት መንገድ ሆኖ ማገልገል የለበትም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት በኮምቦልቻ ዓይነት ትላልቅ ሼዶች ውስጥ ይታያል። ወፍራም የፌዝ ገመዶችን በብረት ሳጥን ላሜራ ላይ በተበሱ የተለያዩ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ሲያሳልፏቸው በእያንዳንዱ ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ብረት ለዚያ ገመድ መስክ የተዘጋ ቀለበት ይሆንና ይግላል፤ ጅረቱ ከበዛ ቀለሙ እስኪላጥ ይደርሳል። ሦስቱም ፌዝና ኒውትራሉ በአንድ ሰፊ ቀዳዳ አብረው ካለፉ ድምራቸው ዜሮ ስለሆነ ላሜራው ቀዝቃዛ ነው።

አሁን ወደ መብረቅ እንምጣ፤ የሕንፃ ብረት በእውነት ትልቅ መስክ የሚያስተናግደው ያኔ ነውና። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደመና በጦሳ ላይ ሲቆልል ደሴ ያደገ ሰው ምን እንደሚመጣ ያውቃል። አንድ የተለመደ መብረቅ ጫፉ ላይ 30,000 አምፔር ያህል ይደርሳል፤ ኃይለኛው እስከ 200,000 ሊሄድ ይችላል። ይህን ጅረት ከጣሪያ ወደ መሬት የሚያወርድ አንድ ነጠላ ሽቦ ብቻ ቢኖር በአንድ ሜትር ርቀት ላይ 6,000 ማይክሮ ቴስላ ይፈጠራል። ጉዳቱን የሚያመጣው የመስኩ ትልቅነት ብቻ አይደለም፤ ፍጥነቱም ነው። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው የሚለዋወጥ መስክ በአጠገቡ ባለ ማንኛውም የሽቦ ቀለበት ውስጥ ቮልቴጅ ያመነጫል፤ ለውጡ በፈጠነ መጠን ቮልቴጁ ይበዛል። ለስሌት ያህል ጅረቱ በሰከንድ ሁለት ሚሊዮንኛ ውስጥ ጫፉ ላይ ደረሰ እንበል። ከሽቦው አንድ ሜትር ርቆ የሚጀምር፣ ወርዱም ቁመቱም አንድ ሜትር የሆነ ቀለበት ውስጥ 2,000 ቮልት ያህል ይወለዳል። እንዲህ ያለ ቀለበት በየቤቱ አለ። የዲሽ ገመድ ከጣሪያ ይወርዳል፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ከሶኬት ይመጣል፣ ሁለቱ ቴሌቪዥኑ ላይ ይገናኛሉ። መብረቁ ቤቱን ሳይነካ ቴሌቪዥኑ የሚቃጠልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ብረቱ በደንብ የተያያዘ ሕንፃ ግን የተለየ ዕድል አለው። ሃያ ምሰሶዎች ያሉት ሕንፃ ጅረቱን እኩል ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ 1,500 አምፔር ይደርሰዋል፤ በምሰሶው አጠገብ ያለው መስክ ከ6,000 ወደ 300 ማይክሮ ቴስላ ይወርዳል። ከዚያም ባለፈ፣ ምሰሶዎቹ ዙሪያውን ስለቆሙና ጅረቱ በሁሉም ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚወርድ፣ የአንዱ መስክ የፊት ለፊቱን ያጣፋና የሕንፃው መሐል ጸጥ ያለ ቦታ ይሆናል። እርግጥ መብረቁ በወረደበት ማዕዘን ያሉት ምሰሶዎች ከሌሎቹ የበዛ ድርሻ ይሸከማሉ፤ ስለዚህ ሰርቨርና ውድ መሣሪያ ወደ መሐል እንጂ ወደ ማዕዘን ኮለን ባይጠጋ ይመረጣል። እንግዲህ በአንድ ማዕዘን ሲለቁበት መስክ መፍጠር ያቃተው ያው ብዙ መንገድ ያለው ብረት፣ መስክን ለማክሰም ሲሆን ከሁሉ የተሻለ መሣሪያ ሆነ።

ጅረቱ ከምሰሶው እግር በኋላ የሚሄድበት ቦታም መዘጋጀት አለበት። ደሴ ላይ፣ በተለይ ወደ ተራራው ከፍ ሲሉ፣ መሬቱ ድንጋያማ ነው። የመዳብ ዘንግ ለመቅበር አስቸጋሪ ነው፤ ቢቀበርም በበጋ አፈሩ ሲደርቅ በደንብ አያስተላልፍም። ለዚህ ዓይነቱ መሬት መላ የተገኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በአሜሪካ የአሪዞና በረሃ ነው። ኸርበርት ዩፈር የተባለ መሐንዲስ የጥይት መጋዘኖችን ከመብረቅ ለመጠበቅ በመሠረቱ አርማታ ውስጥ ያለውን ፌሮ ራሱን ግራውንድ አደረገው። ሲሚንቶ እርጥበትን ከዙሪያው አፈር ስቦ ስለሚይዝ በደረቅ አካባቢም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ተመልሰው ሲለኩት ለጅረት የሚያሳየው ተቃውሞ ከ5 ኦም በታች፣ ማለትም ዝቅተኛ፣ ነበር። ደሴ ላይ ፎቅ የሚሠራ ሰው ይህን ግራውንድ የሚያገኘው ብረቱን ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ፣ ተጨማሪ ወጪ ሳያስፈልገው ማለት ይቻላል።

የስልክና የራዲዮ ሞገድ ጉዳይ አጭር ነው። ብረት የሞገዱን ርዝመት ከራሱ ክፍተት ጋር እያመዛዘነ ይከለክላል ወይም ያሳልፋል። የ900 ሜጋ ኸርዝ የስልክ ሞገድ ርዝመቱ 33 ሴንቲሜትር ስለሆነ በመስኮት ይገባል፤ ከ25 እስከ 49 ሜትር የሚረዝመው የአጭር ሞገድ ራዲዮ ግን በአርማታ ቤት ውስጥ ይዳከማል። አባቶቻችን ራዲዮኑን መስኮቱ ላይ አስቀምጠው አንቴናውን ወደ ውጭ ያዘነበሉት በከንቱ አልነበረም። ዙሪያውን በቆርቆሮ በተለበጠ ሼድ ውስጥ ደግሞ ስልኩም የሚይዘው በር አጠገብ ነው።

ጤናን በሚመለከት፣ አዮን ከማይፈጥር ጨረር የሚከላከለው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን (ICNIRP) እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ ለሕዝብ የ50 ኸርዝ መግነጢሳዊ መስክ ወሰን 200 ማይክሮ ቴስላ ነው። ጤናማ ሽቦ በተዘረጋበት ቤት የሚለካው ከዚህ በመቶዎችና በሺዎች እጥፍ ያንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2002 እንዲህ ያለውን መስክ «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚባሉት ተርታ መድቦታል፤ መነሻው በጥቂት ቤቶች ውስጥ ከ0.3 እስከ 0.4 ማይክሮ ቴስላ በላይ በሆነ አማካይ መስክ በኖሩ ሕፃናት ላይ የታየ የደም ካንሰር ዝምድና ሲሆን፣ መስኩ በሽታውን ማምጣቱ ግን አልተረጋገጠም። በእኔ አስተያየት በኮለን አጠገብ ስለ መተኛት የሚጨነቅ ሰው ከጭንቀቱ በፊት ክላምፕ ሜትር ያለው ኤሌክትሪሻን ጠርቶ የገቢ ገመዶቹን አንድ ላይ ያስለካ። መለኪያው ዜሮ ካለ ኮለኑ ዝም ብሎ የቆመ ብረት ነው። ዜሮ ካላለ ደግሞ ከመስኩ ይልቅ ቶሎ መስተካከል ያለበት ሌላ አደጋ አለ።

ይህ ሁሉ የሚወሰነው ግን ሕንፃው ሳይለሰን፣ ፌሮው ገና ሰማይ እያየ ሳለ ነው። ፌሮ ሠራተኛው በማሰሪያ ሽቦ የሚጠመጥመው መገናኛ አርማታው እስኪሞላ ፌሮውን በቦታው ለመያዝ ነው፤ ብዙ ጊዜ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል፣ ለመብረቅ ግን በእሱ ብቻ መተማመን አይገባም። በየኮለኑ ቢያንስ አንድ ፌሮ ተለይቶ በቀለም ምልክት ይደረግበታል፤ ከመሠረት እስከ ጣሪያ በሚቀጣጠልበት ቦታ ሁሉ በክላምፕ ይታሰራል፣ ወይም የብረቱ ዓይነት የሚፈቅድ መሆኑን መሐንዲሱ ካረጋገጠ ይበየዳል። ከታች፣ ከወለሉ 30 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከዚሁ ፌሮ ጋር የተያያዘ የብረት ቁራጭ ከአርማታው ወደ ውጭ ብቅ እንዲል ይተዋል፤ የግራውንድ ሽቦ የሚታሰረውም፣ ወደፊት መለኪያ የሚነካውም እሱ ላይ ነው። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ሕንፃ አሠሪ ይህን ጠይቆኝ ቦታው ስደርስ የአርማታ ማቡኪያው እየዞረ ነበር። አራት ኮለኖች ተሞልተው አልቀዋል፤ የቀሩት አሥራ ሁለት ነበሩ፣ በእነሱ ላይ ቁራጮቹን አስወጣን።